ጠመኔ

ሥራዬ ጉድለት ማየት ነው። በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣
በመስታወቱ ጠረጴዛ፣ ከሥር መብራት ሲፈነጥቅ፣
አቡጀዲው ሲያልፍ በፊቴ፣ እንደ ቦርከና በክረምት፣
በጠመኔ አከባለሁ ድሩ የተበጠሰበት፣
ማጉ የዘለለበት፣ ዘይት የነጠበበት።
ከዚያ ወደ ኋላ ነው፤ የጥቅሉን ቁጥር አይቼ፣
ማሽኑን፣ ፈረቃውን፣ ሰዓቱን ሳይቀር ለይቼ፣
"አሥራ ሰባት ቁጥር፤ የሌሊት፤ ማበጠሪያው ጥርስ ጎሎታል"
እላለሁ። ሄደው ያያሉ፤ እንዳልኩትም ያገኙታል።

ለዚህ ነው መሰል፣
አንዋር አምስት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል ሳይወጣው፣
በር ሲከፍት ሲዘጋ ሲውል፣ የገዛ ስሙ የሌላ ሲመስለው፣
"አንቺማ አታጪውም፤ ከየት መጣ?" ያሉኝ፣
እንደ አንድ ጥቅል አቡጀዲ ቁጥሩን የጠየቁኝ።

ወደ ኋላ ሄጄ አላውቅ ይመስል! ስንት ሌሊት
ያረገዝኩባትን እያንዳንዷን ቀን በመብራት
ዘርግቼ አየሁ፦ የበላሁትን፣ የራስ ምታቷን ክኒን፣
ከባሌ የተጣላሁባትን ሰኞ፣ ያነሣሁትን ጀሪካን።
አንዱንም ሳላልፍ አከበብኩ። እየነጋ፣ ዓይኔ እየደከመ፣
ጨርቁ ሁሉ ጠመኔ ሆኖ ከፊቴ ቆመ።

ቅዳሜ ቀበሌው ጠራን፤ አዳራሹ ሞላ ጢም ብሎ፣
"የኦቲዝም መንስኤ" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተሰቅሎ።
ጋሽ ይመር ቀደሙ፦ "ክትባቱ ነው፤ መርፌው፤
በስልክ አይቻለሁ፤ ዶክተር ነው የተናገረው።"
"ስልኩ ራሱ ነው እንጂ!" አለች ትርንጎ፣ "እያጠቡ እሱን ሲነካኩ ውለው!"
(ያንኑ መርፌ እህቱ ሰዓዳም ተወግታለች፤
ስታወራ ነው የምትውል፤ ተኝታም ታወራለች።)
"የብረት ፋብሪካው ጭስ ነው።" "የአባት ዕድሜ።" "የዘመድ ጋብቻ።"
"ዓይነ ጥላ ነው፤ ሐኪም አይደርስበት፤ ጸበል ብቻ፣ ዱዓ ብቻ።"
"በዚያ በስደቱ ሰሞን፣ ሐረጎን በእግርሽ የወረድሽው፣
ነፍሰ ጡር ሆነሽ፤ እሱ ነው!" አለች አንዷ። ጣቷ እኔ ላይ ነው ያረፈው።

ኪሴ ውስጥ ጠመኔ ነበረ። ጨበጥኩት።

ሲስተር ወይንሸት ተነሣች፤ ቀጭን ድምፅ፣ ላብ በግንባሯ፣
"ክትባት አይደለም" አለች፤ "ስንት አገር፣ ስንት ሕፃን ተቆጥሮ፣
የእናት ጥፋትም አይደለም፤ አልተገኘም ተመርምሮ።
በዘር የሚወርድ አለበት፤ ሌላም ሌላም ተዳምሮ፤
ሙሉውን ግን እስከ ዛሬ
አናውቀውም።"
"ታዲያ ለምን ጠራችሁን" አለ አንዱ፣ "ሳልሸጥ በርበሬ!"
አዳራሹ ሳቀ።

አናውቀውም።
የፋብሪካው ቅጽ ላይ ለዚህ ቃል ሳጥን የለውም።

ደብቄ የያዝኩት አለኝ፤ ለባሌም ያልነገርኩት።
ያኔ ሽመና ክፍል ነበርኩ፤ ስምንት ወር ከጩኸቱ ጋር አኖርኩት፤
ዛሬም ሲከፋው በአፍንጫው የሚያንጎራጉረው
የአሥራ ሰባት ቁጥር ድምፅ ነው፤ ሳይዛነፍ፣ ራሱው።
ውሸት ናት፣ አውቃለሁ። ሲስተር ብትሰማ ትስቃለች።
ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ ይቺ ብቻ የኔ ነበረች፤
የማንም ጣት የሌለባት፣
ሌሊት ሌሊት እንደ ሁለተኛ ልጅ የታቀፍኳት።

ስብሰባው ሲበተን ጋሽ ይመር ተራመዱና
አንድ ጫማቸው ወለሉ ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ሲወራ፣ ለካ፣
አንዋር ከአግዳሚው ሥር ተኝቶ፣ የሦስት ሰው ጫማ ክር ፈትቶ፣
በጣቱ ጠቅልሎ ይዟል፤ ድርና ማግ አስመስሎ፣ አስማምቶ።
ያን ግን ማን እንደሠራው የጠየቀ የለም።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆመ፤ እንደ ልማዱ፣
ብረቱን አንድ በአንድ ነክቶ፤ አንዱን ከሳተ እንደገና ነው መንገዱ።
ጠመኔውን አውጥቼ ሰጠሁት።
አሸተተው። ላሰው። ምራቁን ተፋ።
ወረወረው፤ ጥልቅ አለ፤ ቦርከና ይዞት ጠፋ።
ከዚያ ሳቀ፤ ያቺን ትከሻው የሚነቀነቅባትን ሳቅ፣
ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈተ፣ ሌላ መኖሩን ለማወቅ።